ስለ ቡታን ጋዝና ስለ አያያዙ

ቡታን ከድፍድፍ ዘይት ማጣሪያና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። በመጠነኛ ግፊት ሲታመቅ ፈሳሽ ስለሚሆን በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ ይሸጣል፤ ለወጥ ቤት ምድጃና ለሲጋራ መለኮሻ ያገለግላል። ብርዱ ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ፈሳሹ ወደ ጋዝነት በሚገባ ስለማይለወጥ በብርድ አገር ፕሮፔን ይቀላቀልበታል።

ባለሱቅ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ቡታን ከአየር 2 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ከሲሊንደሩ ቢያመልጥ በወለልና በጉድጓድ ይተኛል። ስለሆነም ከመሬት በታች ባለ መጋዘን አይከማችም፤ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ቆሞ ይቀመጣል። ሽታ የሚጨመርበትም ማምለጡ እንዲታወቅ ነው። የሚያፈስበት ስፍራ በሳሙና አረፋ ይፈተናል እንጂ በክብሪት አይፈለግም፤ በክብሪት የፈለገ ሱቁንም ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።