የዛገ ቡሎን እንዴት ይፈታል?

የጁባ–ኒሙሌ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት በ2012 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ፡፡ ከዚያ ወጣ ሲባል ግን ጭቃና ጉድጓድ ይበዛል፤ ስለዚህ ባለመኪኖች ባሌስትራ ለውጠው መኪናቸውን ከፍ ያደርጋሉ፡፡ እዚህ ንያኩሮን ጋራዥ ገብታችሁ ሙያ ብትለማመዱ፣ አዲሱን ከመግጠም ይልቅ አሮጌውን መፍታት ይከብዳችኋል፡፡

ለምን ይጣበቃል? ዝገት ከተበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ በቡሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ይጨናነቃል፡፡

አፈታቱ፦

1ኛ. በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ፡፡ ጎማው ይታገድ፤ ሻንሲው በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ፡፡

2ኛ. ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፤ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት፡፡

3ኛ. ዳዶውን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ጥቂት ወደ መፍቻው አመላልሱት፡፡ በጉልበት ብቻ ከታገላችሁት ይበጠሳል፡፡

4ኛ. እምቢ ካለ ባለሙያው ዘይቱን ጠርጎ ዳዶውን በእሳት ያሞቀዋል፡፡ የ1 ሜትር ብረት ሙቀት በ100 ዲግሪ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዳዶውም ሰፋ ብሎ ይለቃል፡፡ ነዳጅ ታንከርና ጎማ አጠገብ እሳት አይጠጋም፡፡ ባሌስትራውም ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፡፡

5ኛ. ባሌስትራውን ከአክስል ጋር ያሰረው የታጠፈ ቡሎን ከተፈታ በኋላ በአዲስ ይተካ፡፡

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከጋራዥ ሲመለስ ከደመወዙ በፊት «መኪናው በምን ላይ ቆሞ ነው የሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፡፡ ቡሎን ይተካል፤ ልጅ አይተካም፡፡

መልመጃ፦ የ2 ሜትር ብረት ሙቀት በ200 ዲግሪ ቢጨምር ስንት ሚሊ ሜትር ይረዝማል?