ከጥንስስ እስከ ጋን፦ በአቦምሳ የተደረገ የመጀመሪያ የጠላ ጠመቃ ሙከራ እና ከቢራ ፋብሪካ አሠራር ጋር ያለው ንጽጽር

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ አጥኚው በአቦምሳ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጋቸውን ሁለት የጠላ ጠመቃ ሙከራዎች ይገልጻል። የመጀመሪያው ሆምጥጦ ተደፍቷል፤ ሁለተኛው ለመጠጥ በቅቷል። ንጽጽሩ፣ ልማድ ብቻ የሚመስሉት ጋን የማጠንና የመድፈን ተግባራት ቢራ ፋብሪካ በመሣሪያ ለሚፈታው ችግር የተሰጡ መልሶች እንደሆኑ ያመለክታል።

1. መግቢያ

አርሲ የገብስ አገር ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብስ እያበቀለ ለቢራ ጠማቂዎች ሲያቀርብ ኖሯል። አጥኚው በ1922 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ እንዲሁም ሐረርንና በደሌን የመሳሰሉ ቢራ ፋብሪካዎችን ሲያደንቅ የቆየው በዋናነት በአንድ ምክንያት ነው፤ ዛሬ የተከፈተው ጠርሙስ ባለፈው ወር ከተከፈተው በጣዕም አይለይም። ከዚያው ገብስ በየቤቱ የሚጠመቀው ጠላ (በአፋን ኦሮሞ ፋርሶ) ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ዕውቀቱም በአብዛኛው በእናቶች እጅና አፍንጫ እንጂ በጽሑፍ አይገኝም። ስለዚህ ጽሑፉ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ጀማሪ ጠማቂ ከደረጃዎቹ አንዱን ቢዘል ምን ያጣል? የሚል ነው።

2. የጠመቃው ደረጃዎች

በመጀመሪያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ጥቂት ብቅል በውኃ ተዘፍዝፎ ጥንስስ ይሆናል። ቀጥሎ ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስና ከብቅልና ከጌሾ እንጨት ጋር ተጨምሮ ድፍድፍ ይዘጋጃል። በመጨረሻም አሻሮው ይገባል፤ ውኃ ተጨምሮበትም ጋኑ ይደፈናል።

እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ምክንያት አለው። ቂጣው ሲጋገር የእህሉ ስታርች በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ የብቅሉ ኢንዛይሞች በቀላሉ ወደ ስኳር ይለውጡታል። የተቆላው አሻሮ ቀለምና መዓዛ ይሰጣል። ጌሾ ደግሞ ጌሾይዲን የተባለ መራራ ውህድ ስላለው በቢራ ውስጥ ሆፕስ የሚይዘውን ቦታ ይይዛል።

3. ሁለቱ ሙከራዎች

በመጀመሪያው ሙከራ አጥኚው መጠኑን በጥንቃቄ ሰፍሮ፣ ድፍድፉን በታጠበ የፕላስቲክ ባልዲ አድርጎ በጨርቅ ሸፈነው። ጋን ማጠንን ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ አድርጎ ስለቈጠረው ዘለለው። በየዕለቱም እየከፈተ ይመለከት ነበር። መጠጡ በሳምንት ውስጥ ሆመጠጠ።

ሁለተኛው ሙከራ የተካሄደው ለረጅም ዓመታት ጠላ በመሸጥ ልጆቻቸውን ባሳደጉ አንዲት እናት መሪነት ነው። እርሳቸው ምንም አልሰፈሩም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው አጠቡ፤ በወይራ ጢስ አጠኑት፤ አፉንም በጭቃ ደፍነው እስኪደርስ ድረስ እንዳይነካ አዘዙ። አጥኚው ስለ መጠኑ ደጋግሞ ሲጠይቃቸው፣ ጠላን የሚያበላሸው የልክ ማነስ ሳይሆን የሰው ችኮላ መሆኑን ነገሩት። ከጋኑ የተቀዳው ጠላ ጠርቶ፣ ምሬቱም ልከኛ ሆኖ ተገኘ።

4. ውይይት

ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የጠላ ማይክሮባዮሎጂ ጥናት፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾና የላክቶባሲለስ ባክቴሪያዎች በሂደቱ ዋነኛ ድርሻ እንዳላቸው አመልክተዋል። ጠላው አየር ሲያገኝ ደግሞ አሴቶባክተር አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋል። በየዕለቱ የተከፈተው ባልዲ ለዚህ ባክቴሪያ የሚሻውን አየር ሳይሰጠው አልቀረም። ከአሰላ ደጋ ይልቅ ሞቃት የሆነው የአቦምሳ አየርም ሂደቱን አፋጥኖት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የጠላ ብቻ አይደለም። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 እ.ኤ.አ. ንጹሕ የእርሾ ዘር ለይቶ ማራባት የቻለው የቢራን መበላሸት ምክንያት ሲፈልግ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ የብቅሉን ጭማቂ ያፈላል፤ የተመረጠ እርሾ ይጨምራል፤ በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥም ያብላላል። የጠላ ድፍድፍ ግን አይፈላም፤ እርሾውም አይመረጥም። ስለሆነም ጥበቃው በሙሉ በጌሾው፣ በጢሱና በጭቃው ላይ ይወድቃል።

ይህ ሙከራ ውስንነት አለው። በሁለቱ ጠመቃዎች መካከል ዕቃው፣ ጢሱ፣ አደፋፈኑና የጠማቂዋ ልምድ በአንድ ጊዜ ስለተለወጡ፣ የማሆምጠጡ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ወደፊት እያንዳንዱን ለየብቻ እየለወጡ አሲዳማነቱን መለካት ያስፈልጋል።

5. ማጠቃለያ

አጥኚው ሥራውን የጀመረው ፋብሪካን እያደነቀ፣ የቤት ጠመቃን ደግሞ ሳይንስ ሊያስተካክለው የሚገባ ልማድ አድርጎ በማየት ነበር። የተደፋው ባልዲ ይህን አመለካከት ለውጦታል። ባህላዊ ጠመቃን ለማሻሻል የሚነሣ ተመራማሪ፣ አንድን ደረጃ ከማስቀረቱ በፊት ያ ደረጃ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደገባ አስቀድሞ ጠማቂዎቹን መጠየቅ ይኖርበታል።