ሄልሜትሽ ላይ ካሜራ ከመግጠምሽ በፊት

ልጄ፣

አባትሽ ትናንት ማታ ደውሎ ካሜራ እንደተገዛልሽና ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር ላቭላንድ ተራራ ለስኪ እንደምትወጪ ነገረኝ። «አጎቴ ይለጥፍልኛል» ማለትሽንም ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። እናትሽ ደግሞ ከኋላ ሆና «በረዶ ምናችን ነው?» ስትል ይሰማኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በክረምት ኦሎምፒክ ስኪ ሲወዳደር እኔና አባትሽ ያደረብንን ኩራት ትጠይቀን በያት።

እኔ ከኦሮራ በሌሊት እየተነሳሁ አሥራ አንድ ክረምት ተራራው ግርጌ የስኪ ዕቃ በሚያከራይ ሱቅ ሠርቻለሁ። ጠዋት ካሜራ ለጥፎ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሄልሜት ታቅፎ የሚመለስ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ካሜራው የጠፋበት ሰው ያሳዝነኝ ነበር። ካሜራው እንዳይጠፋበት ብሎ ሄልሜቱን በስቶ በብሎን ያሰረው ግን ያስፈራኝ ነበር። ሁለቱንም እንዳትሆኚ ነው የምጽፍልሽ።

1. ሄልሜቱ የተሠራው ለራስሽ ነው። ውጪው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ፎም ነው፤ ስትወድቂ ፎሙ እየተጨፈለቀ ምቱን ይቀበልልሻል፣ ልሙጡ ውጪ ደግሞ በረዶው ላይ እንድትንሸራተቺ ያደርጋል። ካሜራ ስትጨምሪበት በዚያ ልሙጥ ነገር ላይ ቀንድ አበቀልሽለት ማለት ነው። ምቱ ካሜራዋ ላይ ካረፈ ኃይሉ ተበትኖ በመሄድ ፈንታ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ካሜራዋ አንድ ነገር ከያዛትም አንገትሽን ይዛ ትጠመዘዛለች። ውስጡ ላይ ተለጥፎ የምታይው ኤኤስቲኤም ኤፍ 2040 ወይም የአውሮፓው ኢኤን 1077 የሚለው ምልክት ሄልሜቱ ፈተና ማለፉን ይነግርሻል፤ ፈተናውን ያለፈው ግን ካሜራ ሳይኖርበት ነው። የፎርሙላ አንዱ ማይክል ሹማከር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ፈረንሳይ አልፕስ ውስጥ ሜሪቤል ላይ ወድቆ ራሱን ሲመታ ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ነበረው፤ መርማሪዎችም ቀረጻውን አይተውታል። ሄልሜት ላይ ያለ ካሜራ ጥበቃውን ይለውጠው ይሆን የሚለው ጥያቄ በየስኪ ሱቁ በብዛት የተወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛም ሱቅ ውስጥ ስንነጋገርበት ከረምን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከሄልሜቱ ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ አንብቢ። አምራቹ «ምንም አትለጥፉበት» ካለ አትለጥፊበት፤ በደረት ማሰሪያ ታጥቀሽ ቅረጪ። ክንድሽና የስኪዎችሽ ጫፍ አብረው ስለሚታዩ እንዲያውም ፍጥነቱ የበለጠ ይሰማል። ከፈቀደልሽም ቢሆን መብሳት የለም፣ ሱፐር ግሉ የለም፣ አሴቶን የለም። አሴቶን የሄልሜት ፕላስቲክ ይበላል፤ ጉዳቱንም በዓይንሽ ላታይው ትችያለሽ።

2. ቦታ ምረጪ። ብዙ ልጆች አናታቸው ላይ ያደርጓታል። ርቃ ታያለች፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከራስሽ በራቀች ቁጥር አንገትሽን የምትጎትትበት ጉልበት ይጨምራል፣ የዛፍ ቅርንጫፍም የሚያገኛት እዚያ ላይ ነው። ጎን ላይ ከሆነች ደግሞ ራስሽ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። እኔ የምወደው ግንባር ላይ፣ ከመነፅርሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ዝቅ ያለች ናት፣ አንቺ የምታይውንም ታያለች።

ተለጣፊው ሳይላጥ ካሜራዋ የምትገጠምበትን መሠረት አስቀምጠሽ ሞክሪው። ጠፍጣፋና ጎባጣ የሚባሉ ሁለት ዓይነት መሠረቶች አሉ፤ ለግንባር የሚስማማው ብዙውን ጊዜ ጎባጣው ነው። በአውራ ጣትሽ ጫን በዪውና ጠርዙን ወደ መብራት አዙረሽ እዪ፤ በሥሩ ብርሃን ካለፈ ቦታው አይሆንም፣ ሌላ ፈልጊ። የአየር ቀዳዳ አትድፈኚ። ሻካራ ወይም ጨርቅ የለበሰ ሄልሜት ላይ ማጣበቂያው አይዝም። መነፅርሽንም አድርጊና ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ ሞክሪ፤ መሠረቱ ከከለከለው አሁን ማወቅ ይሻላል።

3. ዋናው ነገር መለጠፉ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩይብኝ። የጎፕሮ ካሜራ መሠረቶች ሥር ያለው የስሪ ኤም ቪኤችቢ የሚባለው ማጣበቂያ ነው። ይህ ማጣበቂያ እንደ ሙጫ አይደርቅም፤ ቀስ እያለ ወደ ፕላስቲኩ ጥቃቅን ጎድጓዶች ይገባል፣ ለዚህም ሙቀት፣ ጫናና ጊዜ ይፈልጋል። አምራቹ ራሱ እንደሚለው በቤት ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚይዘው የኃይሉን ግማሽ ያህል ነው፤ በ24 ሰዓት 90 በመቶ ይደርሳል፣ ሙሉ የሚሆነው በ72 ሰዓት ነው። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ደግሞ ማጣበቂያው ይጠነክርና መግባት ያቅተዋል። ላቭላንድ መኪና ማቆሚያው ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በጥር ጠዋት እዚያ ምን ዓይነት ብርድ እንዳለ ታውቂዋለሽ።

አንድ ጠዋት አንድ አባት መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ ለጠፈ። «ይዟል» አለኝ፣ እኔም በእጄ ስነካው የያዘ ይመስል ነበር። እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ መጣ፤ መሠረቱም ካሜራውም የሉም፣ አዲስ የጣለው በረዶ ውጧቸዋል። ሰውየው ስለ ካሜራው ዋጋ አንድም ቃል አልተናገረም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትወድቅ ቁልቁል የወረደችበት ቀረጻ ነበር። እስከ መዝጊያ ሰዓት በስኪ ዘንግ በረዶውን ሲወጋ ዋለ።

አሠራሩ ይህ ነው። ቦታውን ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ የሄልሜቱ መጽሐፍ አልኮል ከከለከለ በለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ በደንብ አድርቂው። ፀጉርሽን ቅቤ ወይም ዘይት በተቀባሽበት እጅ እንዳትነኪው፤ ቅባት ካለ ማጣበቂያው የሚይዘው ቅባቱን ነው። ከዚያ ሽፋኑን ላጪው፣ ማጣበቂያውን በጣትሽ አትንኪው፣ አንዴ አነጣጥረሽ አሳርፊው። ተጣመመብኝ ብለሽ ብታነሺው ያ ተለጣፊ አበቃለት፤ ሌላ ያስፈልግሻል። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶችሽ መሐሉንም ጠርዙንም አንድ ደቂቃ ያህል አጥብቀሽ ጫኚው። ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጪው፣ ሳሎን ይበቃዋል። ረቡዕ ማታ ከለጠፍሽው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቀን ተኩል ይሞላዋል።

4. ካሜራዋን ከመሠረቱ ጋር የሚያያይዘው ዘለበት «ቀጭ» ሲል ስሚ። ካልሰማሽ አልገባም። መሐሉ ላይ በረዶ ካለ አራግፊው። ዘለበቱ እንዳይነቃነቅ የሚወተፈውን ትንሽ ጎማ አትጣይው፤ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከማሸጊያው ጋር ይጥሉታል። ከዚያ በእጅሽ ያዥና ወዝውዢው፤ ሄልሜቱ አብሮ ከተወዘወዘ ጥሩ ነው።

ያ ዘለበት ፕላስቲክ መሆኑ አንዳንዱን ሰው ያናድደዋል፤ በብረት ይቀይረዋል፣ በላዩ ላይ ፕላስተር ይጠመጥማል። አንቺ እንዳታደርጊው። በንዝረትና በትንሽ መንሸራተት እንዲይዝ፣ በከባድ ምት ግን እንዲሰበርና ካሜራዋን እንዲለቅ ነው የምፈልገው። ካሜራዋ ተሰብራ አንገትሽ ቢተርፍ እኔ ራሴ ሌላ እገዛልሻለሁ።

5. ካሜራዋን የሚያጠብቀው ብሎን ላይ ማራዘሚያ ክንድ አትጨምሪ፤ ባጠረ ቁጥር ንዝረቱ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ አጥብቂው፣ ውጪ አሥር ደቂቃ ብርድ ከመታው በኋላ ደግሞ እንደገና አጥብቂው። ስልክሽ ላይ ምስሉን ከፍተሽ፣ ልክ ስትወርጂ እንደምትሆኚው ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ቆመሽ አቅጣጫውን አስተካክዪ። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ያስተካከልሽው እንደሆነ ስትወርጂ የምትቀርጪው የጫማሽን ጫፍ ብቻ ይሆናል።

6. ቀጭን ሲባጎ ከካሜራዋ ወደ ሄልሜቱ ጀርባ እሰሪ፣ እዚያ ያለው የመነፅር ማሰሪያ መያዣ ይበቃል። አጭር ይሁን፤ ረጅም ከሆነ ካሜራዋ ስትላቀቅ ተወርውራ ፊትሽን ትመታለች። በኃይል ቢጎተት የሚበጠስ ዓይነት ይሁን እንጂ የጫማ ማሰሪያ እንዳይሆን።

7. ሊፍቱ ወንበር ላይ የመያዣው ብረት ሲወርድ ራስሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ጓደኛሽ ሳይነግርሽ ቢያወርደው መጀመሪያ የሚያገኘው ካሜራዋን ነው።

8. ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስሽ፣ ገላሽ አጠገብ ያዥው። ምሳ ስትገቢ ካሜራዋን ከነሄልሜቱ ቀዝቃዛ ቦታ ተያት፤ ሞቅ ያለ ካፌ ውስጥ ብታስገቢያት ሌንሱ ጉም ይይዛል።

9. አንድ ቀን ማንሳት ስትፈልጊ በቢላ እንዳትፈነቅይው። በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጊው፣ አታግዪው፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብተሽ ወዲያና ወዲህ እንደ መጋዝ ሳቢው። ራስሽን በኃይል የመታ ውድቀት ከደረሰብሽ ግን ማንሳት አያስፈልግም፤ ከውጪ ስንጥቅ ባይታይም ፎሙ ሥራውን ጨርሷል፣ ሄልሜቱን እንቀይረዋለን። ይህን ለአባትሽም ነግሬዋለሁ፣ «ገና አዲስ ነው» ብሎ አይከራከርሽም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ሄልሜቱን ይዘሽ ነዪ። አልኮሉም ጨርቁም እኔ ጋ አለ። መነፅርሽንና ጓንትሽን አትርሺ፤ ጓንት አድርገሽ ማብሪያውን መጫን መቻልሽን ማየት አለብን።