ወደ ጉማራ የምትወጣ እናት ዓሣ



ሊጠፉ ስለተቃረቡ እንስሳት ሲነገር ብዙዎቻችን ወደ ስሜን ተራራ እንመለከታለን። ዋልያን የማያውቅ የለም፤ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን እንኳ በስሙ ይጠራል። ቀይ ቀበሮም ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ ሰምተናል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት ሥጋት አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው ከ40,000 በላይ የእንስሳትና የዕፀዋት ዓይነቶች መካከል ሁለቱም ይገኛሉ። በዚህ ትምህርት ግን ከወረታ ብዙ ሳንርቅ፣ ከሩዙ ማሳ አጠገብ በሚወርዱት በጉማራና በርብ ወንዞች ውስጥ ስላለ ፍጥረት እንነጋገራለን። እርሱም ነጭ ዓሣ ነው። (ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት በተሰበሰብንበት ቀን የቀረበልን ምሳ የዓሣ ጥብስ እንደነበረ አንደብቅም።)

በአንድ ስም ብንጠራውም ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። ጣናን ያጠኑ ሊቃውንት 15 ያህል ዓይነቶችን ለይተዋል፤ ከጥቂቱ በቀር ሌላ የትም አገር አይገኙም። አንዱ ከጭቃ ውስጥ ይለቅማል፣ ሌላው ወፍራም ከንፈር አለው፤ 8ቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ያስደንቃል፤ የዚህ ወገን ዓሣዎች ጥርሳቸው በጉሮሮአቸው እንጂ በአፋቸው የለምና። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከበታቹም 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ዘግቶበታል። ከታች ካለው ዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣዎች ለብቻቸው ኖረው፣ እያንዳንዱ እንደ ምግቡ መልኩን ለውጦ ተለያየ።

እንዲህ ያለ ሌላ ሐይቅ በፊሊፒንስ ነበር፤ ላናኦ ይባላል። ከውጭ የመጡ በላተኛ ዓሣዎች ገቡበት፤ ያለ ልክ ማጥመድም ተጨመረበት። በ2020 እ.ኤ.አ. የዚያ ሐይቅና ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ 15 የዓሣ ዓይነቶች ፈጽሞ መጥፋታቸው ታወቀ። እነዚያን ማንም ገንዘብ ከፍሎ መልሶ ሊያመጣቸው አይችልም።

የጣናው ነጭ ዓሣ ችግር የሚጀምረው ከአወላለዱ ነው። ቀረሶ በሐይቁ ዳር በሣሩ መካከል ይራባል፤ ቢቀንስም ቶሎ ይተካል። ነጭ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከዓይነቶቹም ብዙዎቹ በሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ክረምቱ ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ፣ ከፍልሰታ ጾም አንሥቶ እስከ መስቀልና ከዚያም አልፎ ባሉት ሳምንታት፣ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጎርፉን እየተጋፉ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ነው፤ እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ። እንግዲህ መረቡን በዚያ ሳምንት በጉማራ አፍ የዘረጋ ሰው ብዙ ሳይደክም ይሞላለታል። የሚሞላለት ግን በእናቶች ነው።

እዚህ ላይ እኛን የእርዳታ ሠራተኞችን የሚመለከት ነገር አለ። ቀድሞ በጣና የሚጠመደው በደንገል ታንኳ፣ በዳርቻው ብቻ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ ክርስቲያኖች በተገኘ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ድሃው ዓሣ አጥማጅ እንዲጠቀም ነው፤ ብዙዎችም ተጠቅመዋል። ነገር ግን ጀልባው ሩቅ ወዳሉት የወንዝ አፎች አደረሰ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥር ዓመታት በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሣዎች መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ፤ ታዳጊዎቹ ከዚህም ይልቅ ተመናመኑ። ያ ፕሮግራም የእኛ አልነበረም። ቢሆንም መረብ፣ ፓምፕ ወይም ዘር ሰጥተን ፎቶግራፍ አንሥተን የተመለስን ሁሉ ከእርሱ ልንማር ይገባናል እንላለን።

ጥፋቱ በመረብ ብቻ አይደለም። ወደ ላይ ባሉት ገባር ወንዞች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃውን የሚመርዙ አሉ፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይሞታል። ለቤት ሥራ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ይዛቃል። በበጋ በሽንኩርቱ ማሳ ዳር የተደረደረው ፓምፕ ወንዙን ያደርቀዋል። በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ዓሣ ደግሞ ግድብ አይዘልም።

ሩዝንም ማንሣታችን አይቀርም፤ ልንከስሰው ግን አይደለም። ውኃ ይተኛበት የነበረው የፎገራ ሜዳ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚመግበው በሩዝ ነው። ሆኖም ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች ለእርሻ ሲባል እየጠበቡ ሄደዋል፤ በራሷ ላይ ወርቅማ አክሊል ያላት ረጅም እግር ወፍም ማደሪያዋ አነሰ። በወተቱና በእርሻ ጉልበቱ የታወቀው ነጭና ጥቁር የፎገራ ከብትም ግጦሹ ስለታረሰና ከሌላ ዘር ጋር ስለተደባለቀ ንጹሕ ዝርያው ጥቂት ሆኗል። ይህ ለብቻው ሌላ ትምህርት ይፈልጋል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ስለ ወፍ ጎጆ ያዘዘውን አስቡ። ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከእንቁላሏ ወይም ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ሕጉ መብላትን አልከለከለም። የከለከለው የነገውን ከዛሬው ጋር መውሰድን ነው። በአገራችንም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቁጥር 315፣ አለ፤ ጣናም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ጋር ተመዝግቧል። ነገር ግን በነሐሴ ሌሊት በወንዙ አፍ የሚገኘው ዩኔስኮ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ጎረቤታችን ነው። እርሱን «ተው» ብቻ ብሎ መመለስ ለእኛ ቀላል ነው፤ ለእርሱ ግን በሁለቱ ወራት ምን ይብላ?

ለመወያያ፦ በአካባቢያችሁ በነሐሴና በመስከረም ዓሣ የሚገዛው ማን ነው? በእነዚያ ሁለት ወራት ብቻ ነጭ ዓሣ አለመግዛት ይቻለናልን፣ ወይስ የሚጎዳው አጥማጁ ብቻ ይሆናል? የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ የብድር መዝገባችሁን አውጥታችሁ እዩ። ለአጥማጆች ያበደራችሁት ገንዘብ የሚመለስበት ቀን መስከረም ላይ ከሆነ፣ ሰውዬውን ወደ ጉማራ አፍ የላካችሁት እናንተ እንዳልሆናችሁ መርምሩ፤ ቀኑም ወደ ኅዳር ሊዛወር ይችል እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነጋግራችሁ ጻፉልን።