ልብ ሳይስት እጅ ሲስት

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ርእስ በየጊዜው ከምንማራቸው ትልልቅ ርእሶች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ይመስል ይሆናል። ይኸውም ዘመዶቻችን በገዛ እጃቸው ሠርተው የሚሰጡን ነገር እንዳሰቡት ሳይሆን ሲቀር ምን ማለትና ምን ማድረግ ይገባናል የሚል ነው። አንዱ እጅጌው ከሌላው የረዘመ ሹራብ፥ ወደ ጎን ያዘነበለ መሶብ፥ የጥለቱ ቀለም በነጩ ላይ የፈሰሰ ነጠላ፥ አራቱም እግሩ እኩል መሬት የማይረግጥ በርጩማ በየቤታችን አይጠፋም። ሠሪዋ አክስታችን ወይም አያታችን ናት፤ በርጩማውን የመታው አጎታችን ነው። ያሰቡት ደግ እንደ ሆነ ማንም አይጠራጠርም።

በእኛ በወጣቶች ዘንድ የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ ፊት ለፊት «በጣም ያምራል» ብሎ ተቀብሎ ከሳጥን ግርጌ መቅበር ነው። ሁለተኛው ዘመዳችን ከበር ሳትወጣ ከእኩዮች ጋር መሳሳቅ ነው። ሁለተኛው ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ብዙ አንልበትም። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው፤ ጨዋነት መስሎ ይታየናልና። ነገር ግን «ያምራል» የተባለችው አክስት በሚመጣው ዓመት ያንኑ ሹራብ በሌላ ቀለም ትሠራለች። ዓይኗንና ጊዜዋን ጨርሳ፥ ክር ገዝታ፥ ለሳጥኑ ግርጌ ትሠራለች ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጠን ነገር ስንት ጉልበት እንደ ፈጀ ማወቅ ይገባናል። ጋቢን ብንወስድ፥ ጥጡ ይለቀማል፥ ይዳመጣል፥ ይነደፋል፥ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ድሩና ማጉ ተዘጋጅቶ ወደ ሸማኔ የሚሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የሚፈጀው ፈትል ቀላል አይደለም፤ አንዲት እናት ከቤት ሥራ በተረፋት ሰዓት የምትፈትለው ከሆነ ወራት ይወስድባታል። መሶብም እንዲሁ ነው፤ ስንደዶውና አክርማው በወቅቱ ተለቅሞ፥ አለላው ቀለም ተነክሮ፥ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይሰፋል። ከታች ያለው ዙር ትንሽ ቢያዘነብል ከላይ ያለው አብሮ ያዘነብላል፤ ሠሪዋ ይህን የምታየው ብዙ ጊዜ ግማሹን ከጨረሰች በኋላ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የተጣመመ መሶብ አይቶ ለመሳቅ አፉ አይከፈትም።

ከዚህ ቀጥሎ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ፤ በዚህ ርእስ ዋነኛው ይህ ነው ብለን እናምናለን። የተበላሸ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ተመልሶ የሚስተካከል አለ፤ ከተበላሸ የማይመለስም አለ።

በእጅ የተሠራ ሹራብ ከሞላ ጎደል አንድ ተከታታይ ክር ነው። እጅጌው ቢረዝም ወይም አንገቱ ቢጠብ ጫፉን ፈትቶ መተርተር ይቻላል። የተተረተረው ክር እንደ ተጠማዘዘ ይወጣል፤ ነገር ግን በለብታ ውሃ ነክሮ፥ ቀለል ያለ ነገር ከግርጌው አንጠልጥሎ ቢደርቅ ይቃናል፤ እንደገናም ይሠራበታል። ያው የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ከታሸ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ ሙቀት፥ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፥ ልብሱም ይኮማተራል። ለጎልማሳ የተሠራው ለሕፃን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ብልሃት የለም። ከአገር ቤት በተላከላቸው ሹራብ ላይ ይህ የደረሰባቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ማጠቢያውን ማሽን በሙቅ ውሃ ስለሚያዙት ነው። ነጠላም እንዲሁ፥ የጥለቱ ክር ቀለሙን የሚለቅ ከሆነ አንድ እጥበት ነጩን ሁሉ ያበላሸዋል። ጥቂት ክር አርጥቦ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠበቅ አድርጎ መጫን፥ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን አስቀድሞ ያሳያል። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚሠራው ግን ከሽመናው በፊት ነው እንጂ በኋላ አይደለም።

እንግዲህ ነገሩ የማይመለስ በሚሆንበት ጊዜ ዝምታችን ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳይ፥ በዓለም ሁሉ የተሰማ አንድ ታሪክ እናንሣ። ሠሪዋ ዘመዳችን ባትሆንም የማንኛችንም አያት ልትሆን ትችል ነበር።

በስፔን አገር ቦርኻ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ ቤተ ክርስቲያን፥ ኤሊያስ ጋርሲያ ማርቲኔዝ የተባለ ሠዓሊ በ1930 ገደማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስን ሥዕል በግድግዳው ላይ ሣለ። ሠዓሊው ወደ ከተማዋ ለዕረፍት ይመጣ ነበርና ሥዕሉን በጥቂት ሰዓታት ሠርቶ በስጦታ ተወላት። ነገር ግን ቀለሙ የተቀባው በሚገባ ባልተሰናዳ ግድግዳ ላይ ስለ ነበር እርጥበት እየበላው ይረግፍ ጀመር። ሴሲሊያ ኺሜኔዝ የሚባሉ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን፥ የሚወዱት ሥዕል ሲጠፋ ማየት አላስቻላቸውምና ብሩሽ አንሥተው ያድሱት ጀመር። እርሳቸው እንደ ተናገሩት በስውር አልሠሩም፤ በቀን ብርሃን፥ ሰው እየገባ እየወጣ እያያቸው ነው። ሥራው ሳያልቅም ለዕረፍት ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ።

በ2012 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በእኛ በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም.፥ የፊቱ ፎቶግራፍ ወጣ። የሠዓሊው መልክ ጠፍቶ በምትኩ የሰው ፊት ለመሆን የማይመች፥ ብዙዎች ከዝንጀሮ ጋር ያመሳሰሉት ሌላ ነገር ቆሟል። ዓለም ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ በጭንቀት ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። በኋላ ሥዕሉን ለማየት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጡ፤ ለመግቢያ የሚከፈለውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ዋለ። ከተማዋም እርሳቸውን አከበረች። ይህ ፍጻሜ ያስደስታል፤ ሆኖም ሊያታልለን አይገባም። የቀደመው ሥዕል አልተመለሰም፤ በየመንደሩ የሚበላሸውን ሁሉ ለማየት ደግሞ መንገደኛ አይጎርፍም።

በዚህ ታሪክ እኛን የሚያስጨንቀን የአሮጊቷ እጅ አይደለም። እየገቡ እየወጡ ያዩ የነበሩት ናቸው። የመጀመሪያው ብሩሽ ያረፈ ዕለት አንድ ሰው ቀርቦ በአክብሮት «እማማ፥ ይህን የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ እንጠብቅ» ቢላቸው ኖሮ፥ ሥዕሉም እርሳቸውም በተረፉ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በየቤታችን ከአያት የተወረሰ ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ ያለን አለን። በዓል ሲደርስ ቤት ይጸዳል፥ ሥዕሉም አብሮ «ይጸዳል»። አንዷ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ሌላው ዘይት ይቀባዋል፤ ሦስተኛው የደበዘዘውን ዓይን በገበያ ቀለም ያጎላዋል። የጥንቱ ቀለም ብዙ ጊዜ ውሃ የሚፈራ ነው፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይነሣል። ዘይቱም ለጊዜው ያበራና ቆይቶ የዕጣኑን ጢስና አቧራውን ይዞ ያጠቁረዋል። ብራናም የእንስሳ ቆዳ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ይደርቅና ይጠመዘዛል። እንዲህ ያለውን ነገር ከእናታችን እጅ መቀበል ድፍረት አይደለም። በደረቅ፥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከጢስና ከእርጥበት አርቆ ማኖር ብቻውን ከማንኛውም እድሳት ይበልጣል።

ታዲያ እንዴት እንናገር? መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17ን የምናነበው ስለ ጎልያድ ብቻ አድርገን ነው። ከውጊያው አስቀድሞ ግን ሳኦል ለዳዊት የራሱን የጦር ልብስ አልብሶት ነበር። ስጦታው በቅን ልብ የተሰጠ፥ ውድም ነበር፤ ለብላቴናው ግን አልሆነውም። ዳዊት ልብሱን አላንቋሸሸም፤ ንጉሡንም ለማስደሰት ሲል እየተደናቀፈ አልሄደም። ሞከረው፤ እንዳልለመደው በግልጥ ተናገረ፤ አወለቀው። ስለ ልብሱ ክፉ ሳይናገር ስለ ራሱ እውነቱን ተናገረ። ለእኛም ይህ ይበቃናል።

«እማማ፥ እጅዎ ይባረክ። ትከሻው ልክክ ብሏል፤ እጅጌው ግን ረዝሞብኛል። አብረን ብንተረትረው ምን ይመስልዎታል?» ብንል፥ አያታችን «አዬ ልጄ፥ አድገህ ይሆናል ብዬ እኮ ነው!» ብላ ስቃ መርፌዋን ታነሣለች። እውነቱን በመስማቷ የተከፋች አያት አላየንም ማለት አንችልም፤ አንዳንዷ ታኮርፋለች። ኩርፊያው ግን እስከሚቀጥለው ቡና ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የሰውን ጤና በማይነካ ነገር ላይ ነው። አንዳንዱ ስጦታ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር ሊገባበት አይገባም። ለአራስ ልጅ የተሠራ ቆብ በረጅም ክር አንገት ላይ የሚታሰር ከሆነ፥ ወይም ዶቃ በቀላል ስፌት ተይዞበት ከሆነ፥ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል፤ ክሩም ዶቃውም ዛሬውኑ ይፈታ። ጋሼ በቀጭን ሽቦ የቀጠሉት መብራትም እንዲሁ ነው፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይግላል፥ ልባሱ ይቀልጣል፥ ቤትም ያቃጥላል። ጋሼን ማክበር ማለት መብራቱን ነቅሎ ባለሙያ መጥራት ነው፤ ቅሬታቸው በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው። ሁልጊዜ አሳምራ ትሠራ የነበረች እናት በድንገት ስፌቷ መዛነፍ፥ ቀለም መቀላቀል፥ ጥልፏ መስመር መሳት ሲጀምር ነገሩ የሙያ ጉድለት ላይሆን ይችላል። ዓይኗን እንይ። የዓይን ሞራ በሀገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ሕመም ሳይኖረው ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ባለቤቷ ራሷ «መብራቱ ደከመ» እያለች ትኖራለች። በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። እጇ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሉ ከሆነም ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። የተጣመመውን መሶብ አይተው የሳቁ ልጆች፥ መሶቡ የነገራቸውን ሳይሰሙ ቀሩ ማለት ነው።

በመጨረሻም ስለ ልክ እንነጋገር፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነውና። ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ልጁን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ባላየችው አሥራ ሁለት ወር ምን ያህል እንዳደገ በልቧ ገምታ መሥራት ነበረባት። ዛሬም በገጠር ያለችው አያታችን፥ በከተማ ወይም በባሕር ማዶ ላለው የልጅ ልጇ የምትሠራው በግምት ነው፤ በልቧ ያለው ደግሞ ሲሸኙት ያየችው ሕፃን ነው።

ስለዚህ የሚመጣው በዓል ሳይደርስ አንድ ረጅም ክር እንውሰድ። ከትከሻ እስከ አንጓ ለክተን አንድ ቋጠሮ፥ በደረት ዙሪያ ለክተን ሁለት ቋጠሮ፥ ከአንገት እስከ ወገብ ለክተን ሦስት ቋጠሮ እናድርግበት። ማንበብ ለማትችለው አያት ይህ ከደብዳቤ ይልቅ ይነበባል። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ክሩን ጠቅልለን እንላክላት፤ ልጁ ገና የሚያድግ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቋጠሮ አራት ጣት እንድታስተርፍ መልእክተኛው ይንገርልን።