መጀመሪያ ጭሱን እይልኝ

ቁልፉን ልቀቀው ወንድሜ፣ ባትሪውን ልትጨርሰው ነው እኮ። አሥር ሰከንድ አዙረህ እምቢ ካለች በቃ፣ ሞተሪኖው አንድ ደቂቃ ይረፍ። ገና 12 ሰዓት አልሞላም፤ አውቶቡስ ተራ ብትደርስም ተሳፋሪው ገና እየተሰበሰበ ነው።

«እታለም፣ ብርዱ ገደላት» አልከኝ። ታኅሣሥ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ጋቢ ደርቤ ነው የወጣሁት። ግን የአዲስ አበባ ብርድ ጤነኛ የናፍታ ሞተር አያስቀርም። ናፍታው ራሱ በብርድ የሚረጋው ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድበት አገር ነው። እዚህ ብርዱ የሚያደርገው፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተደብቆ የከረመውን ድካም ማውጣት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንፈልገው የደከመውን ነገር ነው፤ እሱን ሳናገኝ አንዲት ብር ከኪስህ እንድትወጣ አልፈቅድም።

ቤንዚን መኪና ካንዴላ እሳት ይፈነጥቅላታል። እንዳንተ መኪና ያለች ናፍታ ግን እሳት የሚሰጣት የለም፤ አየሩን ጨምቃ ጨምቃ ራሷ ታግለዋለች፣ ናፍታው የሚቀጣጠለው በዚያ ግለት ነው። የብስክሌት ጎማ ስትነፋ መንፊያው እጅህን ያሞቅ የለ? እሱው ነው። ይቺ የሃያስህ የቶዮታ 5ኤል ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ነው የምትጨምቀው። አሁን ግን ሌሊቱን የቀዘቀዘው ብረት ግለቱን ይጠጣባታል። ደግሞ ያለነው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ የምትስበው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። የሚጨመቀው አየር ካነሰ ግለቱም ያንሳል። ጅቡቲ ላይ በአንድ ቁልፍ የምትነሳ መኪና እዚህ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምታለቅሰው ለዚህ ነው። ማሞቂያ ካንዴላ የተሠራው ያቺን የጎደለች ሙቀት እንዲሞላ ነው።

በል አሁን አንዴ አዙራት፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ጭስ ማውጫውን ልየው።

በቃ አቁም። ሞተሩ ሲዞር ሰማኸው? ደህና አድርጎ ነው የሚዞረው። እየጎተተ፣ እያቃሰተ ቢዞር ወይም ጠቅ ብሎ ዝም ቢል ኖሮ መጀመሪያ ባትሪውን ነበር የምንጠረጥረው። ያኔ ከባትሪው ራስ ላይ ማያያዣዎቹን ፈትተህ ነጩን ዝገት በሙቅ ውኃ ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ አጥብቀህ ትመልሳለህ። ሞልቶ ያደረ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በለው። ብዙ ባትሪ የሚጣለው ማያያዣው ስለላላ ብቻ ነው፣ አይቻለሁ።

ጭሱስ? ነጭ ነው፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ያልነደደ ናፍታ የሚሸት። ይህን በደንብ ያዝልኝ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍታው ሲሊንደር ደርሷል ማለት ነው፤ የጎደለው ግለት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ደግሞ ናፍታው አልደረሰም፤ ያኔ ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ቱቦ ላልቶ አየር ገብቶ፣ ወይም ፖምፓው ላይ ናፍታ የምትከፍተው ቫልቭ ኤሌክትሪክ አጥታ ይሆናል። ደህና ከሆነች ቁልፍ ስትከፍት ጠቅ ስትል ትሰማታለህ። ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርገህ ውኃ ካለ አውጣ፣ ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ተጫን። ያኛው መንገድ ይኸው ነው፤ የዛሬው የኛ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ መካኒክ ይህንኑ ነጭ ጭስ አይቶ «ኖዝሎቹ አልቀዋል፣ ፖምፓውም ይወርዳል» ብሎህ አራቱንም አስቀየረህ። ገንዘቡን እኔ ነበርኩ የቆጠርኩት። በሳምንቱ ጠዋት ያው ጭስ፣ ያው ለቅሶ። ያን ጊዜ አብሬህ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ኖዝል ከመነካቱ በፊት ካንዴላው ይፈተሽ እል ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

«መብራቷ በርታ ጠፍታለች እኮ፣ ሞቋል» ትለኛለህ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው፣ የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስለው ብጫ መብራት የምትጠፋው በጊዜ ቆጣሪ ነው። አራቱም ካንዴላ ተቃጥሎ እንኳን ትበራለች፣ ትጠፋለች። እሷን ምስክር አታድርጋት።

ኮፈኑን ክፈት። ከቴስታታው ጎን አራቱን ካንዴላ የምታያይዘውን ጠፍጣፋ መዳብ አየሃት? ትንንሾቹን ዳዶች ፍታና አንሳት። መፍቻህ ሌላ ብረት እንዳይነካ ተጠንቀቅ። አሁን ያቺን ባለ ሁለት ሽቦ አምፖል አምጣ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የካንዴላው አናት ላይ። አንደኛው በራ። ሁለተኛው አልበራም። ሦስተኛውም አልበራም። አራተኛው በራ። አየህ? ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ የበሩትም ቢሆኑ መስመራቸው አልተቆረጠም ማለት እንጂ በደንብ ይግላሉ ማለት አይደለም። አንዱ ብቻ ቢሞት ትነሳለች፣ ግን እየተንቀጠቀጠች ነጭ ታጨሳለች፣ ስትሞቅ ይተዋታል። አንተ ከኅዳር ጀምሮ «ጠዋት ጠዋት ትንቀጠቀጣለች» ስትለኝ የነበረው እሱ ነው።

ያ ልጅ ምን ይዞ ነው የሚመጣው? ናፍታ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ነው? መልሰው በለው። አየር መሳቢያው ላይ እሳት አስይዞ ማስነሳት እዚህ ሰፈር ለዓይን የተለመደ ሆኗል፣ እኔ ግን ከጎኔ አይደረግም። ዙሪያህን እይ፤ ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ሸራ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ ሲነድ አይተናል፤ የስንት ሰው ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። የሚረጨውን ኢተርም ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ አልፈቅድም። የጋለው ካንዴላ ሲያገኘው ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፣ ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስተን ይበሳል። ናፍታው ላይ ላምባ ቀላቅል የሚልህንም አትስማው። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ነው፤ ላምባ ደረቅ ስለሆነ ይበላዋል። ገፍተን እናስነሳት ማለትም ባትሪ ላለቀባት መኪና ነው። ያንተ ባትሪ ደህና ነው፣ ቺንጋዋም ካረጀ በግፊያ ንቅናቄ ጥርስ ሊዘል ይችላል።

ለዛሬ እንዲህ እናድርግ። መዳቧን መልሰህ እሰር። ቁልፉን ሳታስነሳ ክፈት፣ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቅ፣ ዝጋ። እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ። ሁለቱ ደህናዎች ሲሊንደራቸውን በደንብ ያሙቁት። አሁን ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ፣ ሞተሪኖው ካምቢዮውን አብሮ እንዳይጎትት። ነዳጁን በግማሽ ያዝና አዙር፤ ስትንተፋተፍ አትልቀቃት፣ እስክትይዝ ድረስ።

እልል! ይዛለች። ተዋት፣ ጋዝ አትጨምርባት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይድረስ።

ማታ ስትገባ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ካንዴላዎቹን ፍታ። በቀዝቃዛ ብረት ላይ ከታገልካቸው አንዱ ቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። አራቱንም ፍታና አራቱንም ነገ ሶማሌ ተራ ይዘሃቸው ና፤ «የሃያስ ካንዴላ ስጠኝ» ብለህ ብቻ እንዳትገዛ። ጥርሱ አንድ ሆኖ ቮልቱ የሚለያይ ሞልቷል። አንገቱ ላይ 6 ወይም 11 ተብሎ የተቀረጸውን ጥረገውና አንብበው። 11 በሚፈልግ ቦታ 6 ብታስገባ በቀናት ይቃጠልብሃል፤ በተቃራኒው ብታደርግ ቶሎ አይግልም። ሱቅ ውስጥ ባትሪ አለ፣ ሳትከፍል በፊት አንድ በአንድ በፒንሳ ይዘህ አስሞክር፤ ጫፉ በጥቂት ሰከንድ ቀይ ሆኖ ካልጋለ መልሰው። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ፤ ሳትገዛ በፊት አሳየኝ።