የቀለም ጀግናና የሜዳ ጀግና

ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። በወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነውን? አይደለም። በእርግጥ የሆነ ታሪክ አለ። ለጨዋታ ተብሎ የተፈጠረም አለ። ሁለቱንም ማንበብ ደግ ነው፤ ግን ለይቶ ነው። እስቲ በእግር ኳስ እንየው።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው የገናን ጨዋታ ያውቃል። ሁለት ወገን ሆኖ ሩሯን በዱላ ይመታል። በእግር ኳስም ሁለት ወገን አለ። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ የሚመታው በእግር ነው። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው። ብዙ ጎል ያገባ ወገን ያሸንፋል።

በእንግሊዝ አገር፣ ለልጆች በሚታተም ሥዕላዊ መጽሔት ላይ፣ በ1947 ዓ.ም. አንድ ተጫዋች ተፈጠረ። ስሙ ሮይ ሬስ ይባላል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎል አግብቶ ቡድኑን ያድናል። ልጆቹ በጣም ወደዱት። ነገር ግን ሮይን እናት አልወለደችውም። የቀለም ጀግና ነው። የሚያሸንፈው ጸሐፊው ስለ ፈለገ ነው።

የእኛ ጀግኖች ግን የሜዳ ጀግኖች ናቸው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ተጋጠሙ። ግብፅ በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. ዋንጫውን ወስዳ ነበር። በዚያም ቀን ሁለት ጊዜ መራች። ጨዋታው ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው የቡድናችን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። 30 ደቂቃ ተጨመረ። የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይህን ድል ማንም አስቀድሞ አልጻፈውም። አንድ ሰውም ብቻውን አላመጣውም። እንደ ጅጊ ነው፤ ሁሉም እጁን ካላገባ አዝመራው አይነሣም።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ አላገኘችም። ተረት ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ እናሸንፍ ነበር። እውነተኛ ታሪክ ግን የሚያስደስተውንም የሚያሳዝነውንም ይናገራል።

ይህ ለኳስ ብቻ አይደለም። ድሮ ያልተማረ ሰው ምን እንደ ተጻፈበት ሳያውቅ በውል ላይ አውራ ጣቱን ያትም ነበር። በዚህም መሬቱንና ከብቱን ያጣ ብዙ ነው። ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። እንግዲህ ወረቀት እጃችን ሲገባ እንጠይቅ። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ለምን ጻፈው? ፊደል የቆጠረ ያነባል፤ የሚጠይቅ ግን አይታለልም።

የቃላት ትርጉም
አምበል፦ የቡድን መሪ
ጎል፦ ኳስ የሚገባበት በር፤ የገባውም ኳስ ጎል ይባላል

ጥያቄዎች
1. ሮይ ሬስና መንግሥቱ ወርቁ በምን ይለያያሉ?
2. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው መቼ ነው?
3. በውል ላይ ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ?